ጌታ ሆይ፥ ርእስ ስጠኝ!

(በሬዲዮ ከተላለፈ መልእክት ለንባብ የተዘጋጀ)

የዛሬው መልእክት በተለይ ዘንድሮ ለምትመረቁ ተማሪዎች ነው። ወላጆችም አብራችሁ ስሙ፤ ይመለከታችኋል።

በቅርቡ አንድ ወንድም ጻፈልን። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን ርእስ ለአማካሪው የሚያቀርብበት ቀን ሊደርስ 10 ቀን ቀርቶታል። «ሦስት ቀን ጾሜ ጸለይኩ፤ ርእስ ግን አልመጣልኝም። ጓደኞቼ ከፎቶ ኮፒ ቤት ያለቀለት ጽሑፍ ገዝተዋል። እኔም ልግዛ ወይስ ልጠብቅ?» ይላል።

ወንድሜ፥ መጸለይህ ደስ አሰኝቶኛል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ከጸሎቱ ተነሥተህ የት ሄድክ? ምን አየህ?

እስቲ ነህምያን እናስበው። የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን ሲሰማ አለቀሰ፥ ጾመ፥ ጸለየ። በዚያ ግን አላበቃም። ከተማይቱ ደርሶ ሦስት ቀን ከቆየ በኋላ በሌሊት ተነሣ፤ ጥቂት ሰዎች ይዞ፥ ለማንም ሳይናገር፥ የፈረሰውን ቅጥርና የተቃጠለውን በር ዞሮ ተመለከተ። ፍርስራሹ ብዙ ከመሆኑ የተነሣ አንድ ቦታ ላይ የተቀመጠበት እንስሳ ማለፊያ አጣ። ሕዝቡን ለሥራ የጠራው ይህን ሁሉ በዓይኑ ካየ በኋላ ነው። ምዕራፍ 2ን ዛሬ ማታ አንብቡት።

ከአገራችንም አንድ ሰው ላንሣ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዚያ በሽታ ያጠኑ ነበር። በሽታውን የሚያስተላልፈው ተውሳክ የሚያድገው በወንዝ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። «ለምን?» ብለው ጠየቁ፤ ፈተኑት፤ እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል አረጋገጡ። ለዚህ ሥራ በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ልብ በሉ! እንዶድ እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ልብስ ያጠቡበት ነው። ወንዙ ዳር ስንት ሰው አልፏል! እኚህ ሰው ግን ቆም ብለው ጠየቁ።

ስለዚህ ወንድሜ፥ እህቴ፥ ርእስ ፍለጋ ኢንተርኔት ላይ ከማፍጠጥህ በፊት ያደግህበትን ሰፈር ዞር ብለህ እይ። በስምጥ ሸለቆ ያደገ ልጅ ጥርሳቸው የበለዘ ጓደኞች አሉት። መንስኤው በጉድጓድ ውኃ ውስጥ የሚገኝ የበዛ ፍሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው መጠን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። እንግዲህ የኬሚስትሪ ተማሪ ከሆንክ «የመጠጥ ውኃ ችግር በኢትዮጵያ» ብለህ አትነሣ፤ እሱ ዕድሜህን ይጨርሳል! «በቀበሌያችን የሚገኙ አራት ጉድጓዶች ፍሎራይድ ከተቀመጠው መጠን ይበልጣል ወይ?» በል። ይህ ያልቃል። አካውንቲንግ ነው የምትማሪው? «የባንኮች ትርፋማነት» የሚለውን ለጊዜው ተይውና፥ በሰፈርሽ ገበያ ያሉ ሃያ አትክልት ሻጮች ዱቤያቸውን እንዴት እንደሚመዘግቡ ጠይቂ።

ጌታችን ግንብ ሊሠራ ስለሚፈልግ ሰው ሲያስተምር፥ አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን መቁጠር እንዳለበት ነግሮናል (ሉቃስ 14)። መሠረቱን ጥሎ መጨረስ ያቃተው መዘባበቻ ይሆናል። አንተም ተቀመጥና ቁጠር፦ ጥያቄዬን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር እችላለሁ? መረጃውን የሚሰጠኝ ማነው፥ ይፈቅድልኛልስ? በቀረኝ ጊዜና በኪሴ ባለው ብር ያልቃል? መልሱ ማንን ይጠቅማል? ከዚያ አንድ ሳይሆን ሦስት ርእስ ይዘህ አማካሪህ ዘንድ ሂድ። ምሳሌ 15 ምክር በሌለበት አሳብ እንደሚፈርስ ያስጠነቅቀናል። አማካሪ የተመደበልህ ሊመክርህ ነው፤ አትፍራው።

ስለ መግዛቱስ? ወገኖቼ፥ እዚህ ላይ ከራሴ ልጀምር። ተማሪ ሳለሁ ርእሴ በጣም ሰፊ ነበር፤ ጊዜው አለቀብኝ። ከእኔ በፊት ከተመረቀ ልጅ ጽሑፍ ላይ ሠንጠረዥ ገለበጥኩ። ፈታኙ መምህር «እነዚህን መቶ ሃያ ሰዎች የት አገኘሃቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። ዋሸሁ። አለፍኩም። እናቴ እልል አለች፤ ፎቶዬ እስከ ዛሬ ቤቷ ሳሎን ተሰቅሏል። እኔ ግን ፎቶውን ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ያ ውሸት ነው። በእሑድ ስለ እውነት እየሰበክሁ ያ ጥያቄ ጆሮዬ ላይ ይጮህ ነበር።

ጌታ ይቅር ብሎኛል፤ ይህን አምናለሁ። ግን ንስሐ እግርም አለው። ከብዙ ዓመት በኋላ አማካሪዬ የነበሩትን መምህር ፈልጌ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፥ «ያኔ መጥተህ ቢሆን እኮ፥ አብረን ርእሱን እናጠበው ነበር» አሉኝ። አያችሁ? በሩ ያኔም ክፍት ነበር። ያላንኳኳሁት እኔ ነኝ።

ወንድሜ፥ የገዛኸው ጽሑፍ ላይ «ይህ የራሴ ሥራ ነው» ብለህ ትፈርማለህ። ያቺ ፊርማ ያንተ ናት። እንግዲህ አትግዛ፤ ቁጭ ብለህም አትጠብቅ። 10 ቀን አለህ። ነገ ጠዋት ጸልይና ደብተር ይዘህ ውጣ። ገዝታችሁ ከሆነም ገና አላስረከባችሁትም፤ ዛሬውኑ ተመለሱ። ወላጆችም፥ «መቼ ነው የምትመረቀው?» ብቻ ሳይሆን «ምን እያጠናህ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

እንጸልይ። አባት ሆይ፥ ዓይናችንን ክፈት። በየቀኑ የምናልፈውን የሰፈራችንን ችግር አሳየን። ትንሹን ሥራ በእውነት እንድንሠራ ጉልበት ስጠን፤ የዋሸነውን እንድንናዘዝ ድፍረት ስጠን። በኢየሱስ ስም፥ አሜን።