የሳንባ መድኃኒት፦ ጥቅሙና ጉዳቱ
(ሐይቅ ከተማ ላይ የቀረበ ዲስኩር)



የተሰጠኝ ርእስ ሰፊ ነው፤ ከባድ የሳንባ ሕመሞችን ሁሉ ይነካል። እኔ ግን ዕድሜዬን የፈጀሁት መድኃኒት በተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ላይ ነውና ወደዚያ ባዘነብል ታገሱኝ።

ቀድሞ የዚህ ቲቢ ሕክምና ሃያ ወርና ከዚያም በላይ ይወስድ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ወራት ታካሚው በየቀኑ ካናማይሲን ወይም ካፕሪዮማይሲን ይወጋ ነበር። መርፌው ባክቴሪያውን ይገድላል፤ በውስጠኛው ጆሮ ድምፅ የሚቀበሉትን ሕዋሳትም አብሮ ይገድላል። እነርሱ ደግሞ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ስለሆነ፣ ታካሚው «ሰው ሁሉ ያጉተመትማል» ይላል እንጂ «ጆሮዬ ደከመ» አይልም።

አንዲት የውጫሌ ሴት ነበረች፤ ያለ እርሷ ሰርግ አይደምቅም ይሏታል። አክታዋ ከባክቴሪያው ነጻ ሆኖ እኛ ደስ ብሎን ሳለ፣ «ዶክተር፣ የዘንድሮ ማሲንቆ ምን ነካው? ድምፁ ታፈነ» አለችኝ። መዝገቡ ላይ «ድናለች» ተብላ ተጻፈች። ስለ ጆሮዋ የሚጻፍበት ቦታ መዝገቡ አልነበረውም። አምባሰል የሚባለው ቅኝት በስሙ የተጠራለት አገር ሰዎች ናችሁና፣ ምን እንደቀረባት ለእናንተ አላስረዳም።

ያኔ መልሳችን «ከመሞት መደንቆር ይሻላል» ነበር። ሚዛኑ ግን ሌላ ነገር ሊጫንበት ይችል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እነዚህ መርፌዎች እንዲቀሩ የመከረው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ አዲስ አበባ የሚገኘው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልና አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም የተካፈሉበት ስትሪም የተባለው ጥናት፣ ሁለተኛ ክፍሉ በ2022 እ.ኤ.አ. ታተመ። ቤዳኩዊሊን ያለበትን፣ በአፍ ብቻ የሚወሰደውን ሕክምና ካገኙት 83 ከመቶው ሲሰምርላቸው፣ መርፌ ከነበረበት ወገን የሰመረላቸው 71 ከመቶ ናቸው። ጆሯቸው ክፉኛ የተጎዳው ደግሞ በቅደም ተከተል 2 ከመቶና 9 ከመቶ። ልብ በሉ፦ ጆሮውን ያተረፈው መድኃኒት ሳንባውንም የበለጠ አዳነ። ለዓመታት ታካሚውን «አንዱን ምረጥ» ስንለው የነበረው ነገር፣ ለካ የግድ አልነበረም።

አዲሶቹም ከጉዳት ነጻ አይደሉም። ቤዳኩዊሊን የልብ ምት ሊያዛባ ስለሚችል ኢሲጂ የተባለውን የልብ ምርመራ ይፈልጋል፤ ሊኔዞሊድ ደም ያሳንሳል፣ እግር ያቃጥላል። ቀኑን ሙሉ ከበሬ ኋላ ለሚቆም ገበሬ የእግር መደንዘዝ «ቀላል የጎንዮሽ ጉዳት» አይደለም። ቀላል ያለው የቆመ ሳይሆን ቢሮ የተቀመጠ ሰው ነው።

አስተባባሪው ሰዓት እያሳዩኝ ነው። ስለ አስም ቃል ገብቼ ነበር፤ በአጭሩ፦ የሚሳበውን ስቴሮይድ አትፍሩት፣ ከሳባችሁ በኋላ አፋችሁን ተጉመጥመጡ። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው የስቴሮይድ ክኒን ግን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ስኳር ያስነሳል፣ አጥንት ያሳሳል፣ የተኛ ቲቢም ይቀሰቅሳል፤ ከጎረቤት ተውሳችሁ አትዋጡ። ለረጅም ጊዜ የወሰዳችሁትንም ድንገት አታቁሙ።

ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ክትትል ያላችሁ፣ ጆሮ ቢጮህ፣ እግር ቢያቃጥል፣ ቀይና አረንጓዴ ቀለም ቢምታታባችሁ፣ መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ግን በዚያው ሳምንት ተናገሩ። ባለሙያው «ያልፋል» ካለ፣ «ባያልፍስ ምን ሌላ አለ?» በሉት። ጥያቄ ያላችሁ፣ እነሆ ማይኩ።