የአዞ ካሜራ ምረጡልኝ ለምትሉ

 

በሌላው ዓለም እባብና እንሽላሊት በመስታወት ሣጥን እያሳደገ፣ ስም አውጥቶ፣ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ሞልቷል። የእኛ ሰው ግን በደረቱ የሚሳብ ነገር ቤት ሲገባበት የሚያነሳው ካሜራ ሳይሆን መጥረጊያ ነው። ወደ ጋሞ ዞን፣ ወደ አርባ ምንጭ ስንወርድ ግን ነገሩ ይለወጣል። እዚያ ሰው ገንዘብ ከፍሎ፣ ጀልባ ተከራይቶ አዞ ሊያይ ይሄዳል። ከመሄዱ በፊትም «የትኛውን ካሜራ ልግዛ?» ይላል። የዛሬው ወጋችን በዚሁ ላይ ነው።

ሻጩ መጀመሪያ የሚነግራችሁ ሜጋፒክስል ነው። እናንተ ግን መጀመሪያ ርቀቱን ጠይቁ። ከእንስሳው ስንት ሜትር ርቃችሁ ትቆማላችሁ? ለዚህ ጥያቄ ሦስት መልስ አለ፤ ሁለቱ ያሉት አርባ ምንጭ ነው።

የመጀመሪያው ጫሞ ሐይቅ ነው። በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሸፍን የሐይቁም ከፊል በፓርኩ ክልል ውስጥ ነው። «የአዞ ገበያ» የሚባለው ዳርቻ ላይ አዞዎቹ ጠዋት ፀሐይ ሊሞቁ ይወጣሉ። የራሳቸውን ሙቀት ማመንጨት የማይችሉ ፍጥረታት ስለሆኑ ፀሐይዋ ምድጃቸው ናት። እዚያ ጀልባው 30 ሜትር ርቆ ቆመ እንበል። የስልካችሁ ዋና ካሜራ ከዚያ ርቀት 40 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው መልክዓ ምድር ያያል። 4 ሜትር የሚረዝም አዞ የፎቶውን አንድ አሥረኛ ብቻ ይይዛል፤ ወደ ቤት ይዛችሁ የምትመለሱት የግንድ ፎቶ ነው። በጣት ስባችሁ ብታጎሉትም ምስሉን መቁረጥ እንጂ መቅረብ አይሆንም።

300 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሌንስ ግን፣ ሴንሰሩ መካከለኛ በሆነ ካሜራ ላይ ሲገጠም፣ እንደ 450 ሚሊ ሜትር ይሠራል። ከ30 ሜትር የሚያየው ስፋት 2 ሜትር ከግማሽ አይሞላም። ያን ጊዜ ጥርሱ ይቆጠራል። ስለዚህ ገንዘባችሁ የሚያንስ ከሆነ ከካሜራው አካል ቀንሱና ሌንሱ ላይ ጨምሩ።

«ሌንስ መቀያየር አልወድም» ለሚል ደግሞ ሌንሱ አብሮ የተሠራ፣ ረጅም ዙም ያለው ካሜራ አለለት። እንደ ምሳሌ፣ ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ኩልፒክስ ፒ1000 እስከ 3,000 ሚሊ ሜትር ድረስ ያቀርባል። ዋጋው ግን በብርሃን ነው የሚከፈለው፤ ሴንሰሩ ከባለ ሙሉ ፍሬም ካሜራ ሴንሰር በስፋት 30 ጊዜ ያህል ያንሳል። ፀሐይ ደምቃ ሳለች ደስ ያሰኛል፤ ደመና ሲመጣ ምስሉ ይሻክራል።

ጀልባ ደግሞ አይረጋም። የሌንስ ማረጋጊያ የእጃችሁን መንቀጥቀጥ ይቀንሳል እንጂ ውኃ ውስጥ የሚወረወረውን አዞ አያስቆመውም። ስለዚህ የሹተሩን ፍጥነት ወደ ሴኮንድ አንድ ሺኛ ማድረስ የሚችል፣ ፎከሱም ፈጣን የሆነ ካሜራ ያስፈልጋል። ሐይቁ ሲያብረቀርቅ ካሜራው ይታለልና አዞውን ከሰል ያደርገዋል፤ የብርሃን ማስተካከያውን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉት።

ሁለተኛው ርቀት ከአባያ ሐይቅ አጠገብ ያለው የአዞ እርባታ ነው። እዚያ ከሐይቅ ዳር ከሚሰበሰቡ እንቁላሎች የተፈለፈሉ ጫጩቶች ለቆዳቸው ሲባል በየዕድሜያቸው ተለይተው ያድጋሉ። እንስሳው ቅርብ ስለሆነ ግዙፍ ሌንስ አያስፈልግም፤ ፈተናው አጥሩ ነው። ጠባቂውን አስፈቅዳችሁ ሌንሱን ወደ ሽቦው አስጠጉ፣ የሌንሱን ቀዳዳ በሰፊው ክፈቱ፣ ፎከሱን የአዞው ዓይን ላይ አድርጉ። ሽቦው ከምስሉ ይጠፋል። መካከለኛ ዙም ያለው፣ ብርሃን በደንብ የሚያስገባ ሌንስ እዚህ ጌታ ነው።

ሦስተኛው ርቀት የግቢያችሁ አጥር ነው። ግድግዳ ላይ የምትሮጠው እንሽላሊትና ቁጥቋጦ ላይ በዝግታ የምትራመደው እስስት ጀልባ አያሻቸውም። እዚህ የሚፈለገው ሌንሱ ከስንት ሴንቲ ሜትር ጀምሮ አጥርቶ እንደሚያይ ነው። ጥሩ ስልክ ብዙውን ይሠራል። የማክሮ ሌንስ መግዛት ከፈለጋችሁ 100 ሚሊ ሜትሩን ምረጡ፤ ከአጭሩ ይልቅ ራቅ ብላችሁ እንድታነሱ ስለሚፈቅድ እንስሳው አይደነግጥም። እስስት ሁለት ዓይኖቿን ለየብቻ ስለምታዞር ወደ እናንተ ያለውን ዓይን ፎከስ አድርጉ። ፍላሹን አጥፉትና የጠዋትን ብርሃን ተጠቀሙ።

ያገለገለ ካሜራ የምትገዙ ደግሞ ሌንሱን ወደ ብርሃን አቅንታችሁ ውስጡን እዩ፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው፣ ተዉት። የዙሙን ቀለበት አዙሩት፤ አሸዋ እንደገባበት ሁሉ የሚያንጓጓ ከሆነም ተዉት። ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደተመታም ጠይቁ። አዞ ለማንሳት ብሎ ገበያ ላይ ያለውን ትልቁን ሜጋፒክስል መግዛት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው፤ የሚያስፈልገን የራቀን የሚያቀርብ ሌንስ፣ አንድ ትርፍ ባትሪና ትዕግሥት ነው።

አንድ አደራ ግን አለ። በጫሞ ላይ ፎቶ አነሰኝ ብላችሁ ጀልባ ነጂውን «ትንሽ ጠጋ በል» አትበሉት። ከውኃው በታች ጉማሬም አለ፤ አዞውም የሚኖረው በራሱ ቤት ነው። የጎደላችሁን ርቀት በሌንስ ሙሉት እንጂ በጀልባ አትሙሉት።