በስልክ የሚሸጥ ዕቃ ዋጋው ይጻፍበት

ለሸማኔዎችና ለባልትና አዘጋጆች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ገበያ ነው። ገበያ ስንል ቅዳሜ የሚቆመውን፣ ሰው ከየአቅጣጫው የሚመጣበትን ሜዳ ብቻ ማለታችን አይደለም። በኪሳችሁና በመቀነታችሁ ይዛችሁት ስለምትዞሩት ገበያ፣ ማለትም በስልክ ስለሚካሄደው መሸጥና መግዛት ጭምር ነው። እኛ ለአገልግሎት ወደዚህ የተመደብን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማታ ማታ ስናስተምር አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ደርሶናል። «ልጆቻችን ፌስቡክና ቴሌግራም ከፍተውልን ዕቃችንን አሳየን። ሰው ያያል፤ ‹ጥሩ ነው› ለማለት አውራ ጣቱን ያሳያል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ዝም ነው። ነገሩ ምንድን ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው የእንጀራ ጥያቄ ስለሆነ በሰፊው ልንነጋገርበት ይገባል።

በመጀመሪያ በሜዳው ገበያ ሰው እንዴት እንደሚገዛ እናስታውስ። ነጠላ የሚገዛ ሰው ጨርቁን በጣቱ ያሻል፤ ወደ ፀሐይ አንሥቶ ድሩን ያያል፤ ጥለቱን ገልብጦ በጀርባው በኩል ይመረምራል። በርበሬ የሚገዛ ቆንጥሮ ያሸታል። ቆሎ ሲሆንማ መቅመሱ አይቀርም፤ እንዲያውም አንዳንዱ ሳይገዛ ጠግቦ ይሄዳል። ዋጋ የሚጠየቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ወደ ስልኩ ስንመጣ ግን እጅም፣ አፍንጫም፣ ምላስም ሥራ ይፈታሉ። የሚቀረው ዓይን ብቻ ነው፤ ዓይን ደግሞ ስንት ጊዜ ተታሏል። ስለዚህ በስልክ የሚሸጥ ሰው፣ ገዢው በእጁና በአፍንጫው ይጠይቅ የነበረውን ሁሉ በጽሑፍ መመለስ አለበት። ሳይመልስ ከቀረ ገዢው አውራ ጣቱን አሳይቶ ያልፋል። ዝምታው የመጣው ከዚህ ነው።

እስቲ አሁን አንድ ማስታወቂያ እናንብብ። «አዲስ ገብቷል! ምርጥ የሐበሻ ልብስ! እንዳያመልጥዎ! ዋጋ በውስጥ መስመር።» ይህን የመሰለ ጽሑፍ ያላየ በመካከላችን ያለ አይመስለንም። ይህ ጽሑፍ ምን ነገረን? ምንም አልነገረንም። ልብሱ ነጠላ ይሁን ቀሚስ አላወቅንም። ማን እንደሠራው፣ የት እንደሚገኝ፣ ስንት እንደሚያወጣ አላወቅንም። አሁን ደግሞ ሌላውን እናንብብ። «ነጠላ። ማጉ በእጅ የተፈተለ፣ ድሩ የፋብሪካ ክር። ቁመቱ 2 ሜትር ከ80፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ50። ጥለቱ አረንጓዴ፣ ስፋቱ አራት ጣት። የሠራነው ራሳችን ነን። ዋጋው 2,800 ብር፤ ማድረሻው ለብቻው ነው። እስከ ሚያዝያ 30 በዚህ ዋጋ እንሸጣለን።» ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል አስቀመጥናቸው እንጂ የገበያውን ዋጋ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ይሁን እንጂ ሁለተኛውን ያነበበ ሰው ጨርቁን በግማሽ ነክቶታል ማለት ይቻላል።

እኛ እንደምናየው በስልክ ገበያችን ላይ የተጣባው ትልቁ በሽታ ይኸው «ዋጋ በውስጥ» የሚሉት ነገር ነው። ሻጮቹ ምክንያት አያጡም። አንዱ «ተፎካካሪ ዋጋዬን አይቶ ከሥሬ ይሸጥብኛል» ይላል። ተፎካካሪው ግን ገዢ መስሎ በውስጥ መስመር ቢጠይቅ ያው ይነገረው የለም እንዴ? ታዲያ የተደበቀው ከማን ነው? ሌላው «ዋጋውን ካየ ይደነግጣል፤ ካነጋገርኩት ግን አግባባዋለሁ» ይላል። ይህ ለሜዳው ገበያ ይሠራ ይሆናል። በሜዳው ሰውየው ፊታችሁ ቆሟል፤ ቢሄድም «ና እንጂ ጋሼ፣ ስንት ልቀንስ?» ብላችሁ ትመልሱታላችሁ። በስልክ የሄደውን በምን ትጠሩታላችሁ? ደግሞ ዋጋ መጠየቅ የሚያሳፍረው ሰው ብዙ ነው። ጠይቆ አቅሙ ካልቻለ መልስ መስጠት ይከብደዋል፤ ስለዚህ ከነጭራሹ አይጠይቅም።

ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ የራሳቸው ጥርጣሬ አላቸው። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ተቀምጦ ለልጁ ክርስትና የአገር ልብስ የሚፈልግ ሰው፣ «የት እንዳለሁ ሲያውቁ ዋጋ ይጨምሩብኛል» ብሎ ያስባል። መሠረት የሌለው ጥርጣሬ ነው ለማለት አንደፍርም። ዋጋው ለሁሉም እኩል በአደባባይ ከተጻፈ ግን ይህ ጥርጣሬ ይወገዳል። በሕግም ቢሆን በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ ደንግጓል። የስልኩ ገጽ ሱቃችሁ ከሆነ ዋጋችሁን እንደ ሱቅ ለጥፉበት።

«የክር ዋጋ በየሳምንቱ ይለዋወጣል፤ ዛሬ የጻፍኩትን ነገ ምን ላድርገው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው። መድኃኒቱ ቀን መጻፍ ነው። «እስከዚህ ቀን» ብሎ የጻፈ ሻጭ ቀኑ ሲያልፍ ዋጋውን ቢያሻሽል ማንም አይቀየመውም። ከቀኑ በፊት ግን በቃሉ መጽናት ይገባዋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። በስልክ የተጻፈ ቃል እንደ ነፋስ አልፎ የሚሄድ አይደለም።

ስለ ፎቶግራፉ አጭር ነገር እንናገር። ዕቃው የሚነሣው በጠዋት፣ በደጅ፣ በጥላ ሥር ነው። በአምፖል ብርሃን ነጩ ነጠላ ቢጫ ይመስላል፤ ቢጫ መስሎት የተወው ገዢ ስሕተቱ የእርሱ አይደለም። ከድስቱ ወይም ከሰፌዱ አጠገብ እጃችሁን አስገቡ፤ መጠኑ ይታወቃል። ጉድለት ካለ ጉድለቱም ይታይ። ከሰው ገጽ የተወሰደ ፎቶ ግን ፈጽሞ አይለጠፍ። ገዢው ያየው አንድ፣ የደረሰው ሌላ ከሆነ፣ ያ ሰው ብቻውን አይቀርም፤ ለዘመዱም ለጎረቤቱም ይናገራል።

አንዳንድ ሰው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የዕቃውን ታሪክ ጭምር ይገዛል። በረባሶን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከአሮጌ የመኪና ጎማ ተቆርጦ የሚሠራ፣ ገበሬው ያረሰበት፣ ወታደሩ የተጓዘበት ጫማ ነው። ከተሜው ይንቀው ነበር። ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ሶል ሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት ሲያቋቁሙ፣ መነሻ ያደረጉት ይህንኑ የአሮጌ ጎማ ሶልና የእጅ ሽመናን ነው። ጫማውንም በኢንተርኔት አማካይነት ለውጭ አገር ገበያ አቀረቡ። የውጭው ገዢ በረባሶ ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር፤ ጎማው ከየት እንደመጣ፣ ጨርቁን ማን እንደሸመነው ሲነገረው ግን ገባው። እናንተስ? መወርወሪያው ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ አንድ ደቂቃ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ማውጣት ምን ይቸግራል? በርበሬው ሲቀነጠስ፣ ሲታጠብ፣ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ቢታይ፣ ንጽሕናውን ማንም ምሎ ከሚነግረው ይበልጥ ገዢው በዓይኑ ያየዋል።

የትኛው ለምን ይጠቅማል? ቴሌግራም በቻናል በኩል አስቀድሞ ለሚያውቋችሁ ደንበኞች ይመቻል። ፌስቡክና ቲክቶክ ላላወቋችሁ መንገደኞች ነው። በሁሉም ላይ የሚታይ አንድ ጠባይ ግን አለ፤ የለጠፋችሁት ነገር እንደ ጎርፍ ውሃ ወርዶ ይሄዳል፤ በሳምንቱ የሚያገኘው የለም። ለዚህ ነው ጦማር የሚያስፈልገው። ጦማር በጥንቱ ቋንቋችን ደብዳቤ፣ ጽሑፍ ማለት ነው፤ ዛሬ ሰዎች ብሎግ ለሚሉት፣ በኢንተርኔት ላይ ጽሑፍ ለሚቀመጥበት ገጽ ስም ሆኗል። ብሎገርን በመሰለ አገልግሎት ያለ ክፍያ ይከፈታል። ጎተራ ነው ብላችሁ አስቡት። «የሽሮ እህል እንዴት ይታመሳል?»፣ «ነጠላ ጥለቱ ሳይለቅ እንዴት ይታጠባል?» ብላችሁ የምታውቁትን አንድ ጊዜ ብትጽፉ፣ ከዓመት በኋላ ይህንኑ በጉግል የሚፈልግ ሰው ሊያገኘው ይችላል። ጽሑፉን ያገኘ ሰው ጸሐፊውን ያገኛል። እኛ በትምህርት ቤት ሽሮ እንዴት እንደሚዘጋጅ አልተማርንም፤ ይህን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

እዚህ ላይ የፊደላችን ጉዳይ ይነሣል። በክፍል ውስጥ «ሐመሩ ሐ፣ ሃሌታው ሀ» እያልን ስናስተምር፣ «ድምፁ አንድ ከሆነ ምን ለየው?» ያላችሁን አልረሳንም። በገበያው ይለየዋል። አንዱ ሰው «ሐበሻ ቀሚስ» ብሎ ይፈልጋል፤ ሌላው «ሀበሻ ቀሚስ»፣ ሌላው ደግሞ «አበሻ ቀሚስ» ይላል። ለእኛ ሦስቱም አንድ ናቸው፤ የሚፈልገው መሣሪያ ግን ድምፅ አይሰማም፤ ፊደል ብቻ ነው የሚያየው። ስለዚህ ሦስቱንም አጻጻፍ በጽሑፉ ግርጌ አስፍሩ። «ዕቃ» እና «እቃ»፣ «ሥጦታ» እና «ስጦታ» እንዲሁ ናቸው።

ቀኑንም ማወቅ ያስፈልጋል። የጥር ሠርግ ልብስ በጥር አይተዋወቅም፤ ሽመናውም ስፌቱም ጊዜ ይፈጃል። ዐቢይ ጾም ከገባ ሠርግ የለም፤ ሽሮ የሚፈለገው ግን ያኔ ነው። ለውጭ አገር ደንበኛ ጥቅሉ መንገድ ስላለው ከዚያም ቀደም ማለት ይገባል። እኛ ዘንድ ማታ 2 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ቀትር ገደማ ነው፤ ለዚያ ሰው በእኛ ጠዋት ብትጽፉለት ተኝቷል። በርበሬና ሽሮ ከመላካችሁ በፊት ደግሞ አገሩ የሚያስገባ መሆኑን እርሱው እንዲያጣራ ንገሩት።

በአነጋገርም ወግ ይጠበቅ። ለማታውቁት ደንበኛ «ውዴ»፣ «የኔ ማር» እያላችሁ አትጻፉ፤ በስልኩ ማዶ ያሉት የስድሳ ዓመት አባት ሊሆኑ ይችላሉ። «እርስዎ» ማለት ማንንም አጉድሎ አያውቅም። በዕድር ወይም በለቅሶ መልእክት መለዋወጫ ቡድን ውስጥ ማስታወቂያ መወርወርም ነውር ነው። ወቀሳ ሲመጣ ደግሞ ወቃሹን አጥፍቶ ማባረር አይበጅም። በአደባባይ ለተወቀሳችሁበት በአደባባይ መልሱ፤ ዕቃውን ቀይሩለት፤ መቀየራችሁን ሌላውም ያየዋል። ገንዘብ ከፍሎ የውሸት ተከታይ መግዛትስ? ዐሥር ሺህ የማይገዛ ሰው ከመቁጠር የሚገዙ አርባ ሰዎች ይሻላሉ።

ስለ ክፍያ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ በባንኮችም መተግበሪያ ጭምር፣ ገንዘብ በስልክ መቀበል ቀሏል። አጭበርባሪውም አብሮ ሠልጥኗል። «ከፍያለሁ፣ ይኸው» ብሎ የደረሰኝ ፎቶ ይልካል፤ ፎቶው ግን በእጅ የተቀባባ ነው። በፎቶ ዕቃ አይሰጥም። የራሳችሁን ሒሳብ ከፍታችሁ ገንዘቡ መግባቱን እዩ፤ ከዚያ ዕቃውን ስጡ። የምሥጢር ቁጥራችሁን «ከባንክ ነው የምደውለው» ለሚል ሰውም ቢሆን አትንገሩ።

በመጨረሻ ስለ ደብተር እንናገራለን። ፌስቡክም ሆነ ቴሌግራም የሰው ግቢ ነው፤ ባለቤቱ ወይም ሌላ ኃይል በሩን ሲዘጋው እናንተን አያማክርም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ ነበር። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. እስከ ሐምሌ ድረስ ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው ቆዩ። ደንበኞቹን በቴሌግራም ብቻ የሚያውቅ ነጋዴ በእነዚያ ወራት ደንበኛ አልነበረውም ማለት ነው። የደንበኞቹን ስልክ ቁጥር በደብተር የያዘው ግን ይደውል ነበር። ስለዚህ እያንዳንዳችሁ አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ያዙ። ገጹን በአምስት ዓምድ ክፈሉት፤ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ ሰፈር፣ የገዛው ዕቃና መጠኑ፣ ቀን። ልብስ ለሚያሠሩ ደንበኞች ልኩን ከጎኑ ጻፉ፤ በሚቀጥለው በዓል እንደገና አትጠይቋቸውም። የሰው ስልክ ቁጥር አደራ ስለሆነ ደብተሩ ለሌላ ነጋዴ አይዋስም። ማክሰኞ ማታ ደብተሩን ይዛችሁ ስትመጡ ዓምዶቹን አብረን እናሰምራለን፤ ማስመሪያ የሌላችሁ ከእኛ ዘንድ ትወስዳላችሁ።