ዓይንና አፈሙዝን ስለ ማስማማት

ለዛሬው ንግግራችን የመረጥነው ርእስ የጠመንጃ መነጽር ከአፈሙዙ ጋር የሚስማማበትን መንገድ ነው። ከእናንተ ብዙዎቹ ቀኑን ከመዝገብና ከማኅተም ጋር የምትውሉ ስለ ሆነ፥ «ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ከመካከላችሁ ለሥራ ወደ ሰቆጣና ወደ ዋግ ኽምራ ደጋ የሚሄድ ሁሉ፥ ጠመንጃ ንብረትም የክብር ምልክትም ሆኖ የኖረበትን አገር ያገኛል። የመሣሪያውን ጠባይ ያላወቀ ሰው ደግሞ በባለ መሣሪያው ላይ በቅጡ ሊፈርድ አይችልም።

ዋግ ከጠመንጃ ጋር ያለው ትውውቅ የቆየ ነው፤ ዋጋም አስከፍሎታል። ዋግሹም ጎበዜ፥ ኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው የነገሡት፥ በ1863 ዓ.ም. በዐድዋ አጠገብ ከደጃዝማች ካሣ ጋር ሲገጥሙ ሠራዊታቸው በቁጥር እጅግ ይበልጥ ነበር። ድሉ ግን የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ሲመለስ ትቶት የሄደውን መሣሪያ ለያዙት፥ አጠቃቀሙንም ከአሠልጣኝ ለተማሩት ለካሣ ሆነ። እኒሁ ካሣ ናቸው ዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ የተባሉት። ከዚያ ወዲህ የዋጉ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በ1930 ዓ.ም. መጀመሪያ ፋሺስቶችን ሲዋጉ ወድቀዋል፤ ጠላትም ራሳቸውን ቆርጦ ለሕዝብ ማስፈራሪያ አድርጎታል። ስለዚህ በዚያ አገር ስለ ጠመንጃ ሲነገር ሰው በቀልድ አይሰማውም።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። ዓይን የሚያየው በቀጥታ መስመር ነው። ጥይት ግን ከአፈሙዝ ከወጣበት ቅጽበት ጀምሮ ወደ ምድር ይወድቃል። አባቶቻችን ውጅግራ ያሉት፥ ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. የሠሩት የግራ ጠመንጃ፥ እርሳሱን በሰከንድ 450 ሜትር ያህል ይወረውር ነበር፤ በ100 ሜትር ውስጥም እርሳሱ ሩብ ሜትር ያህል ይወድቃል። በሰከንድ 800 ሜትር የሚወረውር ጠመንጃ ጥይት በዚያው ርቀት የሚወድቀው 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። መነጽሩ ደግሞ ከአፈሙዙ በላይ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጣል። እንግዲህ የዓይን መስመርና የጥይት መንገድ በተፈለገው ርቀት ላይ እንዲገናኙ ሰው ራሱ ካላስማማቸው፥ በራሳቸው አይስማሙም።

የማስማማቱ ሥራ እንዲህ ነው። መነጽሩ የታሰረባቸው ብሎኖች አስቀድመው ይጠብቃሉ፤ የላላ መነጽር ዛሬ ያለውን ነገ አይደግመውም። ጠመንጃው በአሸዋ ከረጢት ላይ ይደገፋል፤ ርቀቱም በግምት ሳይሆን በሜትር ይለካል። ከቅርብ፥ በ25 ሜትር ተጀምሮ ወደ 100 ሜትር ይኬዳል። ተኳሹ አንድ ነጥብ ላይ ብቻ እያነጣጠረ 3 ጥይት ይተኩሳል፤ የሦስቱንም መካከል ይፈልጋል። በአንድ ጥይት ብቻ ተነሥቶ መነጽሩን የሚያዞር ሰው የራሱን የእጅ መንቀጥቀጥ በመሣሪያው ላይ ይጽፋል። በብዙ መነጽሮች ላይ የመዞሪያው አንድ ጠቅታ በ100 ሜትር ላይ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ያንቀሳቅሳል። መካከሉ 14 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ቢያርፍ፥ 20 ጠቅታ ያህል ወደ ላይ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አፈሙዙ እስኪበርድ ታግሦ፥ እንደ ገና 3 ተኩሶ መመርመር ይገባል።

በሜዳ የተስማማው መሣሪያ በዋግ ገደል ላይ ሌላ ጠባይ ያሳያል። ሰቆጣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩም በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ ጥይቱን ብዙ አያዘገየውም። ወደ ተከዜ ቆላ ሲወረድ ደግሞ ሙቀቱ ባሩዱን ያፈጥነዋል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው ዳገትና ቁልቁለት ነው። በ30 ዲግሪ ቁልቁል 300 ሜትር ርቆ የሚታይ ነገር፥ አግድም ሲለካ 260 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የጥይቱ መውደቅም የሚሰላው በዚህ ባነሰው ርቀት ነው። ስለዚህ በ300 ሜትር ልክ የሚያነጣጥር ሰው ከላይ ያሳልፋል። ያለፈው ጥይትም በዚያ አይቆምም፤ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። በዋግ ደግሞ ከሸለቆው ማዶ ያለው ባዶ ገደል አይደለም፤ እረኛ አለ፥ ማሳ አለ፥ ቤት አለ። ልምምድ ማድረግ የሚገባው በተፈቀደ ስፍራ፥ ከኢላማውም በስተ ኋላ ጥይት የሚውጥ የአፈር ጉብታ ሲኖር ብቻ የሆነበት ምክንያት ይህ ነው።

አንድ ሌላ ልማድ ልናነሣ ይገባል። ማዶ የሚንቀሳቀሰውን ነገር ለመለየት ሲሉ የጠመንጃውን መነጽር ወደ ሰው የሚያዞሩ አሉ። ይህ ታላቅ ነውር ነው። ዓይን ወደ ሄደበት አፈሙዝ አብሮ ይሄዳልና፥ ሰውየው ማን እንደ ሆነ ከመታወቁ በፊት ኢላማ ሆኗል። ለማየት የዓይን መነጽር አለ፤ የጠመንጃ መነጽር የሚያገለግለው የታየውና የታወቀው ነገር ላይ ብቻ ነው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ የወሰነው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ያለፈበት የዋግ ሕዝብ የተኩስን ፍሬ ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። እናንተም በዚያ አገር ፈቃድ የምትሰጡ፥ አቤቱታ የምትመረምሩ፥ ባለ ጠመንጃውን ስትጠይቁ «መሣሪያ አለህ?» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። «መቼ አስማማኸው? የት ሆነህ ሞከርኸው? ከኢላማው በስተ ኋላስ ምን ነበር?» በሉት። ይህን በትክክል የሚመልስ ሰው በጎረቤቱ ሕይወት ላይ የማይቀልድ ነው፤ የማይመልሰው ግን የቱንም ያህል ጀግና ቢባል ገና መማር ይገባዋል።