ከትምህርት ቤት ውጭ ላሉት ልጆቻችን ማን ይንገራቸው?
(ለአዲስ ገቢ ወላጆች ከተደረገ ንግግር)



የዛሬው ነገር ለጆሮ ይከብዳል፤ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ነገር ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ትላልቆቻችን እንደሚያስታውሱት፣ በገጠር ሳለን ለአካለ መጠን የደረሰች ልጅ በመርገም ጎጆ ከታላላቆቿ ጋር ስትቀመጥ የሴትነትን ነገር ትሰማ ነበር። ወንዱም ሲያገባ ሚዜዎቹ ይመክሩት ነበር። እዚህ ጎጆው ቀርቷል፤ በምትኩ ግን በቤታችን የተናገርነው የለም። ተማሪው ከአስተማሪና ከነርስ ይሰማል። ትምህርቱን አቋርጦ ሥራ የገባው ወይም ጎዳና የሚውለውስ? ከጓደኛውና ከስልኩ ብቻ ነው የሚሰማው።

የሚቀርበትም ምክር ብቻ አይደለም። የማኅፀን በር ካንሰር ከሚያመጣው ቫይረስ የሚከላከለው ክትባት ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች በትምህርት ቤት ይሰጣል፤ ለሴቶች ከ2013 ጀምሮ፣ ቆይቶም ለወንዶች። ያን ጊዜ ትምህርት ቤት ያልነበረ ልጅ ሳይከተብ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ቁፓት ሆሊም ሄዳችሁ ጠይቁ።

ኤድስ ሲነሳ ብዙዎቻችን ፊታችንን እናዞራለን። ምክንያቱ ይገባኛል። በጃንዋሪ 1996 ወገኖቻችን የለገሱት ደም ሳይሠራበት ይጣል እንደነበር ጋዜጣ ሲያወጣ፣ ብዙ ሺህ ሰው በኢየሩሳሌም ሰልፍ ወጣ። ቁስሉ አልሻረም። ሆኖም ስድቡን ፈርተን ዝም ስንል የሚጎዱት ልጆቻችን ናቸው። በሽታው ዘር አይመርጥም።

እንግዲህ እውነቱን ያዙ። ኤች.አይ.ቪ አብሮ በመብላትና በመጨባበጥ አይተላለፍም። ኮንዶም በትክክል ከተጠቀሙበት ይከላከላል። መድኃኒቱን በየቀኑ እየወሰደ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ በምርመራ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። ጨብጥና ቂጥኝ በመድኃኒት ይድናሉ። ጨብጥ በተለይ በሴቶች ላይ ምልክት ሳያሳይ ቆይቶ መካን ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ «አላመመኝም» ማለት አይበቃም፤ መመርመር ያስፈልጋል።

በ1996 የወጣ ሕግ ደግሞ 14 ዓመት የሞላው ልጅ፣ ነገሩን የሚረዳ መሆኑን ሐኪሙ ካመነበት፣ ያለ ወላጅ ፈቃድ ለኤች.አይ.ቪ እንዲመረመር ይፈቅዳል። ይህ ወላጅን ለመናቅ አይደለም፤ ልጁ ቁጣ ፈርቶ ሳይታከም እንዳይቀር ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ሁሉን እወቁ አልላችሁም። ነገር ግን ልጃችሁ ማታ መጥታ «እማዬ፣ አንድ ነገር ሆኛለሁ» ብትላችሁ የመጀመሪያ ቃላችሁ ምን ይሆናል? «አዋረድሽኝ» ካላችኋት ሁለተኛ አትነግራችሁም። «ነገ አብረን ሐኪም ጋ እንሄዳለን» በሏት።

እግዚአብሔር ልጆቻችንን ይጠብቅልን።