ያገለገለ ባጃጅ ከአገር ቤት ለምታስገዙ

እህቶቼ፣ ብዙዎቻችን ለወንድም ባጃጅ ለመግዛት ብር እናጠራቅማለን። በኢሞ የመጣ ቪዲዮ ብቻ አይታችሁ እንዳትልኩ፤ አዲስ ቀለም ሁሉን ያሳምራል። «ሌላ ሰው ሊወስደው ነው» ቢላችሁም ይውሰደው!

ወንድማችሁ መካኒክ ይዞ በጠዋት ይሂድ። መጀመሪያ ሞተሩን ይንካው። ከሞቀ ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታል፤ ጉዱ የሚታየው ደግሞ ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው። ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት ይበላል፣ ሞተሩ መውረዱ አይቀርም። ሰው ጭኖ ዳገትም ያስወጣው።

የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ ያመሳክር፤ እዳና እገዳ እንደሌለበትም ትራንስፖርት ቢሮ ይጠይቅ። ሊብሬው በማን ስም እንደሚዞር ብሩ ሳይላክ ተነጋገሩ፤ ይቀየመኛል ብላችሁ ዝም አትበሉ። በራሳችሁ ስም እንዲሆን ከፈለጋችሁ በኤምባሲ ወይ በቆንስላ በኩል ውክልና መስጠት ይቻላል፤ እሱም ቀን ስለሚፈጅ ቀደም ብላችሁ ጀምሩት።