ሥልጣኑን ሳያውቁ ሰውን መምረጥ፦ የፖሊስ ቁጥጥርና የአካባቢ ምርጫ
(ለሕዝብ ክፍት በሆነ የትምህርት መድረክ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



 የዛሬው ርእሴ ሲሰሙት ጠባብ ይመስላል። ፖሊስን በሕዝብ ስም የሚቆጣጠር አካል በምርጫ ሲሰየም መራጩ ስለ ዕጩዎቹ ምን ያህል ያውቃል? ባያውቅስ ጉድለቱ የማን ነው? የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። ለመጀመሪያው ጥያቄ በየአገሩ የሚሰጠው መልስ ተመሳሳይ ነው፤ እጅግ ጥቂት ያውቃል። በሁለተኛው ላይ ግን ብዙ ጸሐፊዎች መራጩን ይወቅሳሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። መራጩ በዕጩዎች መካከል ግራ የሚጋባው በአመዛኙ ዕጩዎቹ የሚወዳደሩበት ሥልጣን ምን እንደሆነ ስላልተነገረው ነው። የንግግሬ ፍሬ ሐሳብ ይኸው ነው። ይህን ለማሳየት አስቀድሜ ጉዳዩ በግልጽ የታየበትን የእንግሊዝና የዌልስን ተሞክሮ አነሣለሁ፤ ከዚያ ወደ አገራችን ሕግና ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል እመለሳለሁ።

የእንግሊዝና የዌልስ ተሞክሮ

የእንግሊዝ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ሕግ ፖሊስን የሚቆጣጠር አንድ ተመራጭ ኮሚሽነር በየአካባቢው እንዲኖር ወሰነ። ከለንደን በስተቀር በ41 የፖሊስ አካባቢዎች የመጀመሪያው ምርጫ እ.ኤ.አ. ኅዳር 15 ቀን 2012 ተካሄደ። ተመራጩ የአካባቢውን የፖሊስ አዛዥ የመሾምና የማሰናበት፣ በጀቱን የመወሰንና የወንጀል መከላከል ዕቅድ የማውጣት ሥልጣን ተሰጠው። ሥልጣኑ ከባድ ነበር። ሆኖም ድምፅ የሰጠው ሕዝብ ለመምረጥ መብት ካለው ውስጥ 15 በመቶ ገደማ ብቻ ሆነ። በዌልስ ኒውፖርት ከተማ በአንድ የምርጫ ጣቢያ ቀኑን ሙሉ አንድም መራጭ ሳይመጣ ሳጥኑ ባዶውን ተዘጋ።

ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ወሩ ቀዝቃዛ ነበር፣ ሹመቱም አዲስ ነበር። ዋናው ግን የመረጃ እጦት ነው። በሌሎች ምርጫዎች የዕጩዎች መግለጫ በፖስታ ወደ መራጩ ቤት ይላክ ነበር። በዚህ ምርጫ ግን መንግሥት ወጪውን ለመቀነስ ሲል የዕጩዎቹን መግለጫ በኢንተርኔት ላይ አኖረ፤ የታተመ ቅጂ የሚላከውም በስልክ ለጠየቀ ብቻ ሆነ። ኢንተርኔት የማይጠቀሙት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዜጎች በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ያገኙት ስምና የፓርቲ ምልክት ብቻ ነበር። የአገሪቱ የምርጫ ኮሚሽንም ከምርጫው በኋላ ባወጣው ሪፖርት ይህን አሠራር በብርቱ ተቸ።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ለእኛ ትምህርት ይሰጣል። በመጀመሪያው ምርጫ የየትኛውም ፓርቲ አባል ያልሆኑ 12 ግለሰቦች አሸንፈው ነበር፤ በ2016 ግን ከ3 አልበለጡም። መራጩ ስለ ሥልጣኑም ስለ ሰውየውም የሚያውቀው ነገር ሲያጣ ወደሚያውቀው ብቸኛ ምልክት፣ ማለትም ወደ ፓርቲው ስም፣ ተመለሰ። በመጨረሻም የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2025 ይህ ተመራጭ ሹመት በ2028 እንደሚቀር አስታወቀ። ሕዝብ ያላወቀው ሥልጣን ሊያጠፉት ሲነሡ የሚሟገትለት ሰው ያጣል።

በአገራችን ሥልጣኑ የት አለ?

በኢትዮጵያ ፖሊስን ለመቆጣጠር በስም ተለይቶ የሚመረጥ ሰው የለም። ይህ ማለት ግን የፖሊስ ቁጥጥር ከምርጫ ጋር አልተያያዘም ማለት አይደለም። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 52 ክልሎች የራሳቸውን የፖሊስ ኃይል የማደራጀትና የመምራት፣ የክልሉን ሰላምና ጸጥታ የማስጠበቅ ሥልጣን ይሰጣቸዋል። አንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በአስተዳደሩ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። አንቀጽ 12 መራጩ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሣት እንደሚችል ይደነግጋል።

እነዚህ ሦስት አንቀጾች በአንድነት ሲነበቡ የሚፈጥሩት ሰንሰለት እንዲህ ነው። ሕዝቡ የወረዳ ምክር ቤት አባላትን ይመርጣል፤ ምክር ቤቱ ከአባላቱ መካከል የወረዳውን አስተዳዳሪ ይሰይማል፤ አስተዳዳሪው የወረዳውን የጸጥታ ሥራ ያስተባብራል፤ ምክር ቤቱም ሪፖርት ይሰማል፣ ይጠይቃል። የወረዳው ፖሊስ በሙያ ወደ ላይ ላለው የፖሊስ መዋቅር፣ በአስተዳደር ደግሞ ለወረዳው ይጠራል። በቀበሌ ደረጃም ሚሊሻው፣ የጸጥታ ኮሚቴውና ማኅበረሰብ አቀፍ የወንጀል መከላከል አደረጃጀቱ ከቀበሌው አስተዳደር ጋር የተያያዙ ናቸው።

እንግዲህ ከአሶሳ በስተሰሜን እስከ ዐባይ ወንዝ በሚዘልቀው በመንጌ ወረዳ የምትኖር አንዲት ሴት በምሳሌነት እንውሰድ። ወርቅ አጥባ ያገኘችውን ገንዘብ ከገበያ ስትመለስ ተዘረፈች እንበል። ለፖሊስ አመለከተች፤ ምላሽ አጣች። በሕጉ መሠረት አቤቱታዋን ይዘው ፖሊስን ሊጠይቁላት የሚገቡት እርሷ የመረጠቻቸው የወረዳው ምክር ቤት አባላት ናቸው። ነገር ግን ድምፅ በሰጠችበት ቀን ይህን የነገራት ሰው አለን? የዕጩዎቹ ቅስቀሳ ስለ መንገድ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ጤና ጣቢያ ነበር። እነዚህ አስፈላጊ ናቸው። ሆኖም ከምትመርጠው ሰው ሥልጣን ውስጥ የፖሊስ ቁጥጥር እንዳለበት ካልተነገራት፣ ዕጩዎቹን በዚህ ረገድ ለማነጻጸር የምትችልበት መንገድ የለም። በእንግሊዝ ሥልጣኑ ስም ነበረው፤ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነበር። በእኛ ዘንድ ሥልጣኑ በሌላ ሥልጣን ውስጥ ተሸፍኖ ስም እንኳ የለውም።

ምልክት፣ ስምና ብዛት

የአገራችን የድምፅ መስጫ ወረቀት ከዕጩው ስም ጎን የመወዳደሪያ ምልክት ይይዛል። ማንበብ ለማይችል መራጭ ይህ ታላቅ አገልግሎት ነው። በ1997 ምርጫ የኢሕአዴግ ንብና የቅንጅት ሁለት ጣቶች በየገጠሩ ሳይቀር የታወቁ ነበሩ። ምልክት ግን የሚናገረው ስለ ፓርቲ እንጂ ስለ ሰው አይደለም፤ ስለ ሹመቱ ሥልጣንማ ከቶ አይናገርም።

ምልክትና ስም ራሳቸው መራጩን ግራ የሚያጋቡበት ጊዜም አለ። ከሚያዝያ 2000 የአካባቢ ምርጫ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የምርጫ ቦርድ የቅንጅትን ስም ለአቶ አየለ ጫሚሶ ቡድን ሰጠ። በ1997 ሕዝቡ በዚያ ስም ያወቃቸው መሪዎች ብዙዎቹ በሌላ ድርጅት ለመሰባሰብ ተገደዱ። ስሙ ያው ሆኖ ሰዎቹ ተለወጡ። በጥር 2007ም በአንድነት ፓርቲ ላይ ተመሳሳይ ውሳኔ ተላለፈ። የቦርዱን ውሳኔ ሕጋዊነት መመርመር የዛሬው ጉዳዬ አይደለም፤ በመራጩ ላይ ያስከተለው ውጤት ግን ግልጽ ነው። በስም ብቻ የሚመርጥ ሰው ስሙ የማን እንደሆነ ሲለወጥ የሚይዘው ነገር ያጣል።

በዚያው በ2000 ምርጫ ሌላ ችግር ነበር፤ ብዛት። የቀበሌ ምክር ቤቶች አባላት ቁጥር ከበፊቱ እጅግ እንዲጨምር በመደረጉ በመላ አገሪቱ ለውድድር የቀረቡት መቀመጫዎች ከ3 ሚሊዮን በላይ ሆኑ። ብዛቱ ሕዝቡን ወደ አስተዳደር ያቀርባል የሚል ክርክር ይቀርብለት ነበር። ነገር ግን አንድ መራጭ በአንድ ጊዜ እጅግ ብዙ ሰዎችን እንዲመርጥ ሲጠየቅ ስለ እያንዳንዱ ማወቅ አይቻለውም። ተቃዋሚዎችም በብዛት ባልተሳተፉበት ሁኔታ ምርጫው ዝርዝርን ወደ ማጽደቅ አዘነበለ።

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ልዩ ጥያቄ

በ1999 የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ክልሉ ከ780 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበረው። በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ የክልሉ ነባር ብሔረሰቦች ናቸው፤ አማራ፣ ኦሮሞ፣ አገውና ሌሎችም በብዛት ይኖራሉ። ከእነዚህም መካከል በ1977 ድርቅ ምክንያት ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች ወደ አሶሳ ዙሪያ በሠፈራ የመጡና ልጆቻቸው ይገኛሉ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው።

በ1992 ምርጫ በዚህ ክልል የተነሣው ክርክር ለርእሳችን እጅግ ቅርብ ነው። በሥራ ላይ የነበረው አዋጅ ቁጥር 111/1987 ዕጩው የሚወዳደርበትን ክልል ወይም አካባቢ ቋንቋ እንዲያውቅ ይጠይቅ ነበር። በዚህ መሠረት በርታኛ አያውቁም የተባሉ ተወዳዳሪዎች እንዳይቀርቡ ቦርዱ ወሰነ። አቤቱታው ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ። ምክር ቤቱ በመጋቢት 1995 በሰጠው ውሳኔ የሕጉ ድንጋጌ ሕገ መንግሥቱን አይጻረርም፤ ነገር ግን የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ በመሆኑ በርታኛ አለመቻል ተወዳዳሪን ሊያግድ አይገባም አለ። ውሳኔው የመጣው ምርጫው ካለፈ ሦስት ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

ይህን ጉዳይ የሕግ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያነቡት ከመመረጥ መብት አንጻር ነው። ከመራጩ ወገን ስናየው ግን ሌላ ጥያቄ ይወጣል። ዕጩው በርታኛ ባያውቅ፣ መራጩም በአማርኛ በሚገባ ባይግባባ፣ ሁለቱ እንዴት ይተዋወቃሉ? ዕጩውን ማገድ መፍትሔ እንዳልሆነ ምክር ቤቱ በትክክል ወስኗል። የመራጩ ፍላጎት ግን በዚያ ውሳኔ አልተመለሰም። መልሱ ቋንቋን የዕጩነት መስፈርት ማድረግ ሳይሆን፣ ስለ ዕጩው የሚሰጠው መረጃ መራጩ በሚሰማው ቋንቋ እንዲደርስ ማድረግ ነው። ያ ግዴታ ደግሞ በዕጩው ላይ ብቻ የሚጫን ሳይሆን ምርጫውን የሚያስፈጽመው አካል ግዴታ ነው።

ጉዳዩ የንድፈ ሐሳብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሰኔ 2010 በአሶሳ ከተማ በተነሣው ግጭት ሰዎች ሞተዋል። በታኅሣሥ 2013 በመተከል ዞን ቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። በዚያው ዓመት ሰኔ 14 ቀን በተካሄደው ጠቅላላ ምርጫ በጸጥታ ችግር ምክንያት በመተከልና በካማሺ ድምፅ ሊሰጥ አልቻለም፤ ቀሪው ምርጫ የተካሄደው ሰኔ 13 ቀን 2016 ነው። እንዲህ ያለ መከራ ባየ ክልል ፖሊስ በሰዓቱ ለምን አልደረሰም? ማንስ ይጠየቃል? ብሎ የሚጠይቅ ተመራጭ መኖሩ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ ግን የ2013ቱ ምርጫ የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶችን አላካተተም። የወረዳና የቀበሌ ምርጫ ከዚያ በፊት የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ሲሆን፣ በ2010 ሊካሄድ ይገባው የነበረውም እንዲራዘም ተደርጓል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንዳንዶች የእንግሊዝን አሠራር ወስደን አንድ የፖሊስ ተቆጣጣሪ በቀጥታ እንምረጥ ይሉ ይሆናል። እኔ ይህን አልመክርም። ልዩ ልዩ ሕዝቦች በሚኖሩበት ወረዳ አንድ መቀመጫ ብቻ ያለው ሹመት ዘወትር የብዙኃኑ ወገን ይሆናል። ፖሊስን የሚቆጣጠረው ሰው የአንድ ወገን ነው ተብሎ ከታመነ ደግሞ ቁጥጥሩ ራሱ የሥጋት ምንጭ ይሆናል። ብዙ ድምፆች የሚሰሙበት ምክር ቤት ለእኛ የተሻለ ነው፤ ይህን ሥራ የሚሠራ መሆኑ ለሕዝቡ እስከታወቀ ድረስ።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የአካባቢ ምርጫ ሲካሄድ የመራጮች ትምህርት ከድምፅ አሰጣጥ ሥርዓት አልፎ የተመራጩን ሥልጣን ያስተምር። ምልክት የት እንደሚደረግ ከማሳየት ጋር፣ የሚመረጠው ሰው በፖሊስና በሚሊሻ ላይ ምን የመጠየቅ ሥልጣን እንዳለው ይነገር። ሁለተኛ፣ ዕጩዎች ሁሉ ተመሳሳይ ጥቂት ጥያቄዎች ይቅረቡላቸው፤ የእያንዳንዱ መልስም በእኩል መጠን በበርታኛ፣ በጉሙዝኛ፣ በሺናሽኛ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ፣ እንደ አካባቢው ቋንቋ፣ በሬዲዮና በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ ይሰማ። የእንግሊዝ ስሕተት መራጩ መረጃውን ፈልጎ እንዲመጣ መጠበቁ ነበር። ሦስተኛ፣ የዘገየው የአካባቢ ምርጫ ቀን ይቆረጥለት። ከምርጫ ዘመኑ አልፎ የሚቀመጥ ምክር ቤት ፖሊስን ሲጠይቅ፣ አንተስ ማን ወከለህ? የሚል መልስ ይጠብቀዋል።

ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ስለ ፖሊስ በቅስቀሳ መነጋገር ግጭት ያባብሳል የሚሉ አሉ። ሥጋቱ ቀላል አይደለም፤ የምርጫ ሥነ ምግባር ደንቡም ጥላቻን የሚሰብኩትን ሊገታ ይገባል። ይሁን እንጂ ስለ ፖሊስ በአደባባይ ያልተነገረው ሁሉ በሹክሹክታ ይነገራል፤ ሹክሹክታን ደግሞ ማንም አያርመውም፣ ማንም አይጠየቅበትም።

ውድ ተማሪዎች፣ ከእናንተ መካከል ነገ የምርጫ አስፈጻሚ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ የፖሊስ መኮንን ወይም ዕጩ የሚሆኑ አሉ። በየምርጫው ማግሥት መራጩ አላወቀም የሚል ሪፖርት ስታነቡ፣ ምን ተነግሮት ነበር? በየትኛው ቋንቋ? ማንስ ነገረው? ብላችሁ ጠይቁ። እነዚህ ጥያቄዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቁ ናቸው፤ በየወረዳው ሄዶ መልሳቸውን የሚሰበስብ ተመራማሪም ይፈልጋሉ።

 አሁን ጥያቄና አስተያየታችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።